የተሸጠችው እናት በግ፦ የበጎች አስቸጋሪ ወሊድ ታሪክ ከአቃቂ ቃሊቲ ሲታይ

(ለሕዝብ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። አንዲት እናት በግ ምጥ ይዟት መውለድ ሲሳናት፣ በብዙ ጭንቅና በሰው እጅ ተረድታ በሕይወት ከተረፈች፣ ከዚያ በኋላ ዕጣዋ ምን ይሆናል? በጎች ያረባ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ትሸጣለች። ጥቂት ሰንብታ፣ ቁስሏ ሽሮ፣ ሥጋ ስታወጣ ወደ ገበያ ትወሰዳለች። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የሚነሣ ነው። የበጎች አስቸጋሪ ወሊድ ታሪክ በአገራችን ሳይጻፍ የቀረው በጊቱ ከታሪኳ ተለይታ ስለምትሸጥ ነው፤ ታሪኩ ባለመጻፉም ችግሩ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይኖራል።

ይህን ለማሳየት አቃቂ ቃሊቲን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ አካባቢ እርሻና ከተማ የሚገናኙበት ነው። የአቃቂ ወንዝ ዳር ግጦሽ ነበረው፤ የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ ጣቢያ ያልፍ ነበር፤ የፋብሪካ ሠራተኛውና ገበሬው በአንድ ገበያ ይገበያዩ ነበር። የቁም እንስሳት ገበያው፣ ቄራው፣ የእንስሳት ማዳቀያ ማዕከሉ ሁሉም እዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ስለዚህ የአንዲት በግ ሕይወት ከልደቷ እስከ ዕርዷ የሚያልፍባቸውን ደጆች ሁሉ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ መመልከት ይቻላል።

አስቀድመን ስለ ምን እንደምንነጋገር እንወስን። በጊቱ የምታረግዘው ለአምስት ወር ያህል ነው። ወሊድ የሚከብድባት በሁለት ዐይነት ምክንያት ነው። አንደኛው ከግልገሉ የሚመጣ ነው፤ መጠኑ ከልክ ያለፈ፣ እግሩ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ አንገቱ የዞረ፣ ወይም ከመንታው ጋር የተጠላለፈ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ከእናቲቱ ከራሷ የሚመጣ ነው። የዳሌ አጥንቷ ይጠብባታል፤ የማህፀን አንገቷ ሳይከፈት ይቀራል፤ ማህፀኗ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፤ የብልቷ የውስጥ ክፍል ከወሊድ አስቀድሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ወይም በተፈጥሮ የተዛባ የመራቢያ አካል ይኖራታል። የመጀመሪያው ምክንያት የአንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ከእናቲቱ ጋር የሚኖር፣ በሚቀጥለው ወሊድም ሊደገም የሚችል፣ አንዳንዱም ወደ ልጆቿ የሚተላለፍ ነው። የዛሬው ነገራችን ይህ ሁለተኛው ነው።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። በ18ኛው መቶ ዓመት፣ በሊዮን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1761 የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከተመሠረተ ከዓመታት በኋላ፣ ጆን ሃንተር የተባለው የለንደን ቀዳጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1779 ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ስለሚወለዱ መካን ጊደሮች ጻፈ። አካላቸውን ከፍቶ ሲመለከት የሴትነታቸው አካል ያልተሟላ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1830 ዮሐንስ ሙለር የተባለው ጀርመናዊ ማህፀን በሽል ውስጥ ከሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደሚሠራ ገለጸ፤ ዛሬም ቱቦዎቹ በስሙ ይጠራሉ። የእነዚህ ቱቦዎች አንዱ ክፍል ሳይፈጠር ከቀረ ማህፀኑ ባለ አንድ ቀንድ ይሆናል፤ በሚጋጠሙበት ቦታ በሚገባ ካልተዋሐዱ በመውጫው መካከል ግድግዳ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ ፍራንክ ሊሊ የተባለው የቺካጎ ሊቅ የሃንተርን እንቆቅልሽ ፈታ፤ የመንቶቹ የእንግዴ ልጅ ደም ሥሮች ሲገናኙ ከወንዱ ሽል የሚወጣው ንጥረ ነገር የሴቷን አካል እንደሚያዛባ አስረዳ። ይህ በከብት ዘንድ የተለመደ ሲሆን በበግ ላይ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታይ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት የመረመሩትን ነገር የእኛ አርቢ በአንድ ቃል ሲጠራው ኖሯል፤ «መሲና» ይለዋል። የማትወልድ፣ ሥጋዋ ግን የምትሰባ ማለት ነው። መሲናዋ በግ ለባለቤቷ ኪሳራ ብትሆንም ሥቃይ የለባትም፤ ለገና ወይም ለፋሲካ ትሸጥና ነገሩ ያበቃል። የከፋው የሌላዋ ነው፤ ለመፀነስ የሚያበቃ፣ ለመውለድ ግን የማያበቃ አካል ያላት በግ ናት የምትጎዳው። ለእርሷ ግን እንደ መሲና ያለ የተለየ መጠሪያ በገበያችን ሲነገር አልሰማሁም። መጠሪያ የሌለው ነገር ደግሞ አይጠየቅም፤ ገዢም ስለማያውቀው ሻጩን አይጠይቅበትም።

አሁን ወደ አገራችን የእንስሳት ሕክምና ታሪክ እንለፍ። ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከመቅሠፍት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የገባው የከብት ደስታ በሽታ አብዛኛውን በሬ ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኀብ አስከተለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ክትባት የሚያመርተው ተቋም ተቋቋመ። በ1972 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ከከብት ደስታ ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም በሙሉ ከበሽታው መገላገሏ ታወጀ። ይህ ታላቅ ድል ነው፤ አባቶቻችንና ታላላቆቻችን የደከሙበት ነው።

ሆኖም ይህ ታሪክ የመንጋ ታሪክ መሆኑን ልብ እንበል። የክትባት ዘመቻ መንጋን ይቆጥራል። አስቸጋሪ ወሊድ ግን የአንዲት እንስሳ፣ የአንድ ሌሊት፣ የአንድ ግቢ ጉዳይ ነው። አይተላለፍም፤ አያስደነግጥም፤ ለበላይ አካል ሪፖርት አይላክበትም። ስለዚህ የበግ ወሊድ ከሐኪሙ መዝገብ ውጭ፣ በእናቶችና በእረኞች እጅ ቀረ። እነርሱም ብዙ ያውቁ ነበር። ጡቷ ሲያጋትት፣ ከመንጋው ስትለይ፣ መሬት ስትጭር ምጧ መቅረቡን ያውቃሉ፤ የግልገሉን ሁለት እግርና አፍንጫ በመዳሰስ አመጣጡን ይለያሉ። የማያውቁት ከውስጥ ያለውን በር ነው። እርሱ ካልተከፈተ የቱንም ያህል ልምድ ያላት እጅ ምንም ማድረግ አትችልም።

ስለዚህ በር ስንናገር ወደ ቃሊቲ መመለስ ግድ ይለናል። በአገራችን ከብትን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 በአስመራ እንደ ነበር ይነገራል፤ በጦርነቱ ተቋርጦ በኋላ እንደገና ተጀመረ። ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል ግን በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቃሊቲ ላይ ተቋቁሞ የሆልስታይንና የሌሎች ኮርማዎችን ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ለአገሪቱ ያሠራጫል። በግ በዚህ ሥራ ውስጥ የከብትን ያህል ስፍራ ያላገኘችው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የሰውነቷ አሠራር ነው። የላም የማህፀን አንገት በሰለጠነ እጅ ተይዞ ቀጭን ቱቦ ያሳልፋል። የበግ ግን ብዙ ጠንካራ ቀለበቶች እርስ በርስ ሳይገጣጠሙ የተደረደሩበት ጠመዝማዛ መተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ሆዷን በትንሹ በስተው በመሣሪያ እያዩ ዘሩን በቀጥታ ወደ ማህፀን ማስገባት እንደሚቻል ያሳዩት ይህን በር ማለፍ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ ሳይንቲስቱን ከውጭ የከለከለው ይኸው የቀለበት በር በምጥ ሌሊት ግልገሉን ከውስጥ ሊከለክል ይችላል። ሐኪሙ እጁን ሲያስገባ ጣት ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ጠንካራ ቀለበት ያገኛል፤ ከዚያም አያልፍም።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው ከምዕራብ አውስትራሊያ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚያ አገር የነበሩ የበግ አርቢዎች በጎቻቸው መፀነስ ሲያቆሙ፣ የፀነሱትም በምጥ ሲሞቱ፣ የሌሎቹም ማህፀን ወደ ውጭ ሲወጣ ተመለከቱ። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጽሑፍ ምክንያቱን በግጦሹ ውስጥ አገኙት፤ በጎቹ ይግጡት የነበረው የማገጥ ዐይነት የሴት ሆርሞንን የሚመስል ንጥረ ነገር ነበረው። ይህ ንጥረ ነገር የማህፀን አንገትን አሠራር ሳይቀር ይለውጣል። እንዲህ ያለ ነገር በሚገባ የሚታወቀው ስንት በግ እንደ ፀነሰች፣ ስንት እንደ ወለደች፣ ስንት እንደ ሞተች ሲጻፍ ነው።

ሁለተኛው ከኒውዚላንድ ነው። ማክስፖራንና ፊልደን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ወሊድ ይከብዳቸው የነበሩ የሮምኒ ዝርያ በጎች በቀላሉ ከሚወልዱት ይልቅ የጠበበ የዳሌ አጥንት እንዳላቸው ለክተው አሳዩ። በዚያው አገር ያሉ አርቢዎች በወሊድ ጊዜ ሰው የረዳትን በግ ምልክት አድርገው ከመንጋው የማስወጣት ልማድ ነበራቸው፤ በዚህም ያለ ረዳት የሚወልድ መንጋ አፍርተዋል። ልብ በሉ፤ እነርሱም እንደ እኛ ከመንጋቸው ያስወጧታል። ሥራው አንድ ነው፤ ፍጻሜው ግን ተቃራኒ ነው። እነርሱ ከመንጋቸው ያስወጧት በግ ወደ ቄራ ትሄዳለች፤ ዘሯም በዚያ ያበቃል። እኛ የምናስወጣት ግን ገበያ ላይ ትቆማለች፤ የሚገዛትም ሰው ለእርባታ ይወስዳታል።

በዚህ ላይ ከራሴ የሥራ ዘመን አንድ ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አቃቂ አካባቢ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ግቢ ተጠራሁ። ከሁለት ወር በፊት ከገበያ የገዟት በግ ከሌሊት ጀምሮ ታምጣለች። ስዳስሳት የማህፀን አንገቷ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ በአንድ ጎኑም ደድሮ የዳነ ጠባሳ ይዳሰሳል። ከዚህ ቀደም በወሊድ ተቀዳ እንደ ነበር ግልጽ ነበር። ሆዷን ቀድጄ ግልገሉን አወጣሁት፤ ሞቶ ነበር። እናቲቱ ግን ተረፈች። እማማም ኩርሲያቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይህች በግ ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆና ነበር ማለት ነው? ታዲያ ሻጩ ምነው ሳይነግረኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በመዝገቤ ላይ «የወሊድ ችግር» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ጽፌ ሄድሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ ሳልፍ በጊቱን ጠየቅሁ፤ «ሸጥናት» አሉኝ። ለማን እንደ ተሸጠች አልጠየቅሁም። የመጀመሪያውን ሻጭ ስወቅስ ቆይቼ ነበር፤ ለሁለተኛው ሽያጭ ግን ተባባሪ የሆንሁት እኔ ነበርሁ። «እርሷ ለእርድ እንጂ ለእርባታ አትሽጧት» ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም።

እንግዲህ የገበያውን ሥርዓት እንመልከት። ገዢ በግ ሲመርጥ ጥርሷን ይገልጣል፤ ወገቧን ይጨብጣል፤ ዐይኗን፣ ጆሮዋን፣ ሰኮናዋን ያያል፤ ጡቷን ይዳስሳል። «ነውር የለባትም» የሚባለው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። በሕዝባችን ዘንድ ነውር ከባድ ቃል ነው፤ ለበዓልም ሆነ ለዓረፋ ነውር ያለበት አይታረድም። ነገር ግን ይህ ነውር በዐይን የሚታየው ነው። የጠበበ ዳሌ፣ የደደረ የማህፀን አንገት፣ ባለ አንድ ቀንድ ማህፀን በገበያ ቦታ አይታይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ደላላ በመካከል ሆኖ፣ ያለ ጽሑፍ፣ በጥሬ ገንዘብ በተገዛች በግ ላይ ማን ማንን ይጠይቃል? ገዢው ችግሩን የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ ያውም በሌሊት ነው። ያን ጊዜ ሻጩ የት እንዳለ አይታወቅም።

ገበያው የሰወረውን ቄራው ሊገልጠው በቻለ ነበር። ሊቃውንቶቻችንም ይህን መንገድ ተከትለዋል። በደብረ ዘይት ቄራ በታረዱ አውራ በጎችና ፍየሎች የዘር ፍሬ ጉድለት ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል፤ በአቃቂ ቄራ የሚታረዱ ግመሎችም የምርምር ምንጭ ሆነዋል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለት ወሰን አለበት። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ በበዓል ጊዜ የሚታረደው በግ እጅግ ብዙው በየግቢው ነው፤ በዚያ ደግሞ ማህፀን ለውሻ ይጣላል እንጂ ማንም አይመረምረውም። ሁለተኛ፣ ቄራ ላይ ያለው መርማሪ አካሉን ያያል፤ ታሪኩን ግን አያይም። የተጠበበውን አንገት በእጁ ይዞ ይህች በግ ስንት ጊዜ እንዳማጠች፣ ስንት ግልገል እንደ ሞተባት ሊያውቅ አይችልም። ግቢው ታሪኩን ያውቃል፣ አካሉን አያይም፤ ቄራው አካሉን ያያል፣ ታሪኩን አያውቅም። በመካከላቸው ያለው ገበያ ሁለቱን ለይቷቸዋል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ከትናንት ይልቅ የሚያሳስብባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የዝርያ ማሻሻል ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አዋሲና ኮሪዴል፣ በኋላም ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዶርፐር ከአገር በቀል በጎች ጋር እንዲዳቀሉ ተደርጓል። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ ለብርዱና ለድርቁ የተገባች፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ብቻ የምትወልድ ናት። ከትልቅ አውራ በግ የምትፀንሰው ግልገል በመጠኑ ሲያድግ የእርሷ ዳሌ አብሮት አያድግም። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሳይታወቅ የኖረ ጥበት በአዲሱ ግልገል ይገለጣል። ማዳቀልን አልቃወምም፤ የአባትን ክብደት ስንመዘግብ የእናትንም ወሊድ እንመዝግብ እላለሁ።

ሁለተኛው የከተማው መስፋፋት ነው። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ትናንት እርሻና ግጦሽ ነበሩ፤ ዛሬ ሕንፃ ቆሞባቸዋል። የበጎቹን የዘር ሐረግ በቃል ያውቁ የነበሩ ሽማግሌዎችና እናቶች መንጋቸው ሲበተን ዕውቀታቸውም አብሮ ተበትኗል። «ይህች የእንትና ልጅ ናት፤ እናቷም ትቸገር ነበር» የሚል ሰው በግቢው ሳለ መጽሐፍ ባይኖርም መዝገብ ነበረ። አሁን በጠባብ ግቢ ሁለትና ሦስት በግ ከገበያ ገዝቶ የሚያረባው ነዋሪ ያ መዝገብ የለውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ታላቅ ፕሮጀክት ሳንጠብቅ ልንጀምር የምንችላቸውን ልጥቀስ። አርቢዎች፤ በወሊድ የተረዳችን በግ በጆሮዋ ላይ በሚደረግ ምልክት ለዩ፤ ስትሸጧትም ለእርድ ሽጡ፤ ሴት ልጇንም ለእርባታ አታስቀሩ። ገዢዎች፤ ስለ ጥርሷ እንደምትጠይቁ «እንዴት ወለደች?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ውሎ አድሮ የገበያው ሕግ ይሆናል። ምጥ የያዛት በግ ከአንድ ሰዓት በላይ አጥብቃ አምጣ ምንም ካልታየ ሐኪም ጥሩ፤ በጉልበት አትጎትቱ። በጉልበት የተቀደደ የማህፀን አንገት ጠባሳ ይዞ ይድናል፤ ጠባሳውም የሚቀጥለውን ወሊድ ይዘጋል። ወጣት ሐኪሞች ሆይ፤ በሩ መከፈቱን፣ ማህፀኑም አለመጠማዘዙን ሳታረጋግጡ ምጥ የሚያፋጥን መርፌ አትውጉ፤ በተዘጋ በር ላይ የሚገፋ ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ከሁሉም በላይ «የወሊድ ችግር» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ችግሩ ከግልገሉ ነው ወይስ ከእናቲቱ? በሩ ስንት ጣት አሳለፈ? ስንተኛ ወሊዷ ነው? ከየት ተገዛች? እነዚህ አራት መስመሮች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ ግን የአገር ታሪክ ይሆናሉ።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ የእማማን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤው እኖራለሁ። «ሻጩ ምነው ሳይነግረኝ?» ያሉት ሻጩን ብቻ አልነበረም፤ ያወቀና ዝም ያለን ሁሉ ነው። በእርሳቸው ግቢ ያልጻፍሁትን ዛሬ በእናንተ ፊት ተናግሬዋለሁ። የቀረውን እናንተ በየመዝገባችሁ እንድትጽፉት አደራ እላለሁ።